ጦርነትን መጫወት ይገባል ወይ?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ሰው ጦርነትን ይጫወታል ወይ? አዎ፣ ይጫወታል። ግን መጫወት ይገባዋል ወይ? ነገሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሕፃን ሸንበቆ አንሥቶ «ገደልኩህ!» ቢል ማንም አይቆጣውም፤ እንዲያውም ይሳቅለታል። ሃያ ዓመት ያለፈው፣ መጽሐፍ ያገላበጠ፣ ስለ ፍትሕና ስለ ሰላም ሲከራከር የሚያመሽ ሰው ግን ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ የጣት ግማሽ የሚያህሉ ወታደሮችን ሲያሰልፍ ቢገኝ «ምን ነካው?» ይባላል። ይህ «ምን ነካው?» በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ በውስጡ የሥነ ምግባር ክስ አለ። ክሱን ተቀብለን ከሥሩ እንመርምረው።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደሆነ እንግለጽ። ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅልቅል ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ፣ ብዙዎቹ 28 ሚሊሜትር ያህል ቁመት ያላቸው የጥንት ዘመን ወታደሮች ምስሎች አሉ። የሮማ እግረኛ፣ የፋርስ ፈረሰኛ፣ የካርታጎ ዝሆን፣ የአክሱም ጦረኛ ሳይቀር ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ሳይቀቡ ይሸጣሉ፤ መቀባቱ የባለቤቱ ሥራ ነው። መጀመሪያ መደብ ቀለም ይደረጋል፤ ቀጥሎ ቆዳው፣ ልብሱ፣ ጋሻው ይቀባል፤ በቀጠነ ጥቁር ቀለም የልብሱ እጥፋት ይጠላል፤ በመጨረሻ ዓይን ይገባል። ከዚያ ሁለት ሠራዊት በጠረጴዛ ላይ ይሰለፋል። እንቅስቃሴው በማስመሪያ ይለካል፣ ውጊያው በዳይስ ይወሰናል፣ የወደቀው ከሜዳው ይነሣል። እንግሊዝ አገር የጥንቱን ዘመን ጦርነት ብቻ የሚያጠኑና የሚጫወቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1965 የራሳቸውን ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። እኛም አትላስ፣ በኡራኤልና በቦሌ መድኃኔዓለም መካከል ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት ብሩሽ ይዘን እንቀመጣለን። ቁጥራችን ከአምስት አይበልጥም። ክርክሩ ግን ከቁጥራችን በላይ ነው።

ከሳሹን ወገን አስቀድመን እንስማ። አንድ አዛውንት በር ገፍተው ቢገቡና ጠረጴዛችንን ቢያዩ ምን ይሉናል? «ልጆቼ፣ ጨዋታ አጣችሁ? ይህ አገር ስንት ልጁን ቀበረ! ጦርነት ያየ ሰው በጦርነት አይጫወትም» የሚሉን ይመስለናል። ቃሉ ከባድ ነው። ከሞቀ ክፍል ተቀምጦ፣ ቡና አስፈልቶ፣ የሰው ልጅ እልቂትን መዝናኛ ማድረግ፣ ሌላው የከፈለውን ዋጋ በነፃ መብላት አይሆንም ወይ?

ይህን ክስ «ኧረ ዝም ብሎ ጨዋታ ነው» ብሎ መመለስ አይቻልም። ዝም ብሎ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም። ጨዋታ ሰውን ያሠለጥናል፤ ጥያቄው ወደ ምን ያሠለጥነዋል የሚለው ነው።

አዛውንቱ ያሉት አንድ ነገር ግን በታሪክ አይጸናም። ጦርነት ያዩት አባቶቻችን በጦርነት ተጫውተዋል። ጉግስ ምንድን ነው? በፈረስ ላይ የሚደረግ የጦርነት ልምምድ ነው። ሰንጠረዥስ? ንጉሥ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ መደቅ እያለ የሚሰለፍ ሙሉ ሠራዊት ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት የራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ አይቷል። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስበው አሳትመዋል። ከእነዚህ ተጫዋቾች መካከል ጦር ሜዳ ያልዋለ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ የሰንጠረዣችንን ሕግ ልብ እንበል፤ ፍልስፍና አለበትና። በሌላው ዓለም ሁለቱ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው ጀምረው ተራ ይጠብቃሉ። በእኛ ግን መጀመሪያ «ወረራ» አለ። የመጀመሪያው ገበታ ላይ ያለ ነገር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ሳይጠባበቁ፣ ባሻቸው ፍጥነት፣ እጅ በእጅ ላይ እያለፈ ያሰልፋሉ። ተራ የሚመጣው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ይህን ያወጡ ሰዎች ጦርነት እንዴት እንደሚጀመር ያውቁ ነበር። ደግሞ በትልቁ ጉልበት ማሸነፍ ብዙ አያስመሰግንም፤ በትንሹ፣ በመደቅ፣ ማት ማለት ነው የሚያስከብረው። ባለሟሎቹን ሁሉ አጥቶ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ማት ማለትም አይፈቀድም። እንግዲህ ጨዋታው ጦርነትን ብቻ ሳይሆን በጦርነት ውስጥ ነውር የሚባለውንም ያስተምር ነበር ማለት ነው። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ ሁሉ፣ በሰንጠረዥም ድል ያለ ወግ ድል አልነበረም።

ስለዚህ ክሱ «ለምን ተጫወታችሁ?» መሆኑ ቀርቶ «እንዴት ትጫወታላችሁ?» ወደሚለው ይዞራል። ይህን ለመመለስ የጨዋታችንን ሁለት እጆች መለየት ያስፈልጋል፤ አንዱ ብሩሽ የያዘው ነው፣ ሌላው ዳይስ የሚጥለው።

ከብሩሹ እንጀምር። ሠራዊትን አሳንሶ መቅረጽና መቀባት የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። በግብፅ፣ አስዩት፣ መሰህቲ በተባለ ሹም መቃብር ውስጥ አራት ሺህ ዓመት ያህል የሆናቸው፣ ከእንጨት የተቀረጹና የተቀቡ ሁለት ጭፍሮች ተገኝተዋል። 40ዎቹ ጦርና ጋሻ የያዙ ግብፃውያን፣ 40ዎቹ የኑብያ ቀስተኞች ናቸው። ቀራጩ ሰማንያውንም ባንድ ልክ ማውጣት ይችል ነበር። አላደረገውም። አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ይላል፤ የቀስተኞቹም ሽርጥ ጌጥ ይለያያል። ለሹሙ ከሞት በኋላ እንዲያገለግሉ የታሰቡ ጭፍሮች ናቸው፤ ለሠራቸው እጅ ግን ሰማንያ ሰዎች ነበሩ።

ወደ አገራችን ሥዕል እንምጣ። በልማዳችን ጻድቅና ወገን ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ከሐዲና ጠላት በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዐድዋ ጦርነት የሚያሳዩትን ሥዕሎች ያየ ያውቀዋል። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በአንድ ወገን ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከነሠራዊታቸው፣ በሌላው ወገን ጣልያኖች። ወራሪ ለመጣበት ሕዝብ ማን አጥቂ ማን ተከላካይ እንደሆነ በዓይን ቁጥር መናገር ተገቢ ነው፤ ሠዓሊዎቹን አንወቅስም። ደግሞም ከብዙዎቹ ሸራዎች ግርጌ ሬሳ ተዘርግቷል። ሠዓሊው ድሉን ሲያከብር የወደቀውን ጠርጎ አላወጣውም።

የትንንሾቹን ወታደሮች ቀቢ ግን ሌላ ግዴታ ይገጥመዋል። በአንድ ዓይን መቅባት አይችልም። ምስሉ ሁለት ዓይን ይዞ ተቀርጿል። ከዚህም በላይ፣ ጨዋታው እንዲካሄድ ሁለት ሠራዊት ያስፈልጋል፤ ባላጋራ ቀቢ ከሌለ ሁለቱንም ራስህ ትቀባለህ። ሰኞ የአክሱሙን ጦረኛ የቀባ እጅ ማክሰኞ ጠላቱን ይቀባል። የጠላት ጫማ በምን ይታሰራል? ጋሻው ከምን ቆዳ ነው? ፀሐይ የመታው ግንባር ምን መልክ አለው? ይህን ሳያውቅ መቀባት አይሆንለትም። ዓይን ማስገባቱ ከሁሉ ይከብዳል፤ ትንፋሽ ተይዞ፣ በሦስት ፀጉር ብሩሽ፣ አንድ ነጭ ነጥብ፣ በላዩ አንድ ጥቁር ነጥብ። ነጥቡ በተቀመጠ ጊዜ እርሳሱ ወደ አንተ ያያል። ሰውን ለመጥላት ከሩቅ ማየት ያስፈልጋል፤ ብሩሽ ግን ከስንዝር በላይ ሩቅ አያውቅም።

«ታዲያ ቀለሙስ ጦርነትን ማስዋብ አይደለም?» የሚል ይኖራል። ይህ ብርቱ መቃወሚያ ነው። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ማንም አይቆስልም፣ ጭቃ የለም፣ ሽታ የለም፤ ሁሉ ለሰልፍ የወጣ ይመስላል። አዎ፣ ብሩሽ ብቻውን አይበቃም። አደጋው የሚታየው ደግሞ ሁለተኛው እጅ ዳይሱን ሲያነሣ ነው።

ዳይስ ፊት አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በታተሙ የታወቁ የጥንት ጦርነት ጨዋታ ደንቦች አንዱ ምስል የሚቆመው ለሃያ ሰው ነው። ልብ በሉ! ሁለት ምሽት ሙሉ ዓይኑን ሲያስተካክሉለት የቆዩት ያ አንድ ሰው፣ ጨዋታው ሲጀመር ሃያ ሰው ይሆናል። አሥራ ሁለት ምስል ቢነሣ 240 ሰው ወደቀ ማለት ነው። ተጫዋቹ ግን «ግድ የለም፣ ክንፉ ገና ጠንካራ ነው» ይላል። ምስሉ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው እሑድ ይነሣል። ጨዋታው የሚዋሸው አንድ ውሸት ይህ ነው፤ የወደቀ ሁሉ ይመለሳል ይላል።

ከዚህ የባሰም አለ። ጠረጴዛው ላይ ያልተሰለፈው ማን ነው? የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ኖባን የወጋበትን ዘመቻ በድንጋይ ላይ በግዕዝ አስቀርጿል። መዝገቡ ጥንቁቅ ነው። ምርኮ፣ ወንድ 214፣ ሴት 415። የተገደሉ ወንዶች 602። የተገደሉ ሴቶችና ሕፃናት 156። ከዚያ የተማረከ ከብት 10,560፣ በግ 51,050። ንጉሡ ይህን ያስጻፈው ለአምላኩ ምስጋና ነው፤ አፍሮ አልደበቀውም። የአክሱምን ሠራዊት ዛሬ ገዝቶ መቀባት ይቻላል፤ ጦረኛው፣ ቀስተኛው አለ። የ156ቱ ምስል ግን በሠራዊቱ ሣጥን ውስጥ የለም። የጨዋታው ደንብም አይጠይቃቸውም። በዚህ ረገድ የዒዛና ድንጋይ ከእኛ ጠረጴዛ ይልቅ እውነተኛ ነው፤ ፊታቸውን ባይነግረንም ቁጥራቸውን ነግሮናል።

ነገሩን ወደ ዘመናችን እናምጣው፤ የጥያቄው ክብደት ያለው እዚህ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩስያ መኮንን ለጦር መኮንኖች ማሠልጠኛ የሚሆን ጨዋታ አሳተመ። ወታደሮቹ ፊት የላቸውም፤ በካርታ ላይ የሚገፉ ቀይና ሰማያዊ ትንንሽ ጡቦች ናቸው። በአንጻሩ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ትልቁን ጦርነት የሚመኙ ሁሉ በዚህ በትንሹ ቢወጣላቸው ይሻላል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በዓመቱ አውሮፓ እሳት ሆነች። የዌልስ አሻንጉሊት ጦርነቱን አላስቀረም፤ የፕሩስያው ጡብ ግን ሥራ ላይ ዋለ።

የእኛ ትውልድ ከሁለቱ የትኛውን ወረሰ? ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ፣ በየካፌው በስልክ መስታወት ላይ ቀለም የተቀባ ካርታ ሲታይ ነበር። ይህ ቀለም ወደዚህ ገፋ፣ ያኛው ወደዚያ አፈገፈገ። ከተማ በተያዘ ቁጥር ጎል እንደገባ የሚጨበጨብበት ጠረጴዛ ነበር። ከዚያም በኋላ የተኩስ ድምፅ ከአገራችን አልጠፋም። ያ ጭብጨባ ጨዋታ አልተባለም፤ «ሁኔታውን መከታተል» ነው የተባለው። እኛ ግን የከፋው የጦርነት ጨዋታ እርሱ ነው እንላለን። ብሩሽ የሌለበት ዳይስ ነው። ማንም የማንንም ዓይን አላስገባም። አዛውንቱ «ጦርነት ያየ በጦርነት አይጫወትም» ሲሉ ክሳቸው መድረስ ያለበት ወደዚያ ጠረጴዛ ነበር፤ እዚያ የሚወድቀው ወደ ሣጥን አይመለስምና።

እንግዲህ ፍርዳችንን እንስጥ። ጦርነትን መጫወት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚሆነው ቁጥር የፊትን ቦታ ሲወስድ ነው። ስለዚህ የሚጫወት ሰው ራሱን በሦስት ነገር ይገድብ እንላለን።

ሀ) ያልቀባውን አያዝምት። በእጁ ዓይን ያላስገባለትን ሰው ወደ ሞት የመላክ ቀላልነት፣ በጠረጴዛም ቢሆን አይልመድ።

ለ) የወደቀው ቶሎ ወደ ሣጥን አይግባ። ጨዋታው እስኪያልቅ ከጠረጴዛው ዳር ይጋደም፤ በመጨረሻም በሃያ ተባዝቶ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነገር። አሸናፊውም የራሱን ይቁጠር።

ሐ) ጠረጴዛው ባዶ ሜዳ አይሁን። ጎጆ ይኑር፣ የውኃ ጉድጓድ ይኑር፣ እንስራ ያዘለች ሴት ትኑር፣ በግ የሚጠብቅ ልጅ ይኑር። ሠራዊት በላያቸው ሲያልፍ ደንቡ ዝም ቢል እንኳ ተጫዋቹ ዝም አይበል። ምስላቸው ካልተገኘ ከጭቃ ይሠራ፤ ጭቃ በአገራችን ሞልቷል።

«ይህ ሁሉ ከተጨመረ ጨዋታው ይጣፍጣል ወይ?» ተብለን ተጠይቀናል። ምናልባት ያን ያህል አይጣፍጥ ይሆናል። አንዳንዱ ሰልፍ ሳይጋጠም ሊቀር ይችላል፤ ማርሹ በመንደሩ ላይ የሚያልፍ ሆኖ ሲገኝ ሁለቱ አዛዦች ዳይሱን አስቀምጠው ሌላ መንገድ ሲፈልጉ ሊያመሹ ይችላሉ። ይህም ጨዋታ ነው። ጨዋታው ሰላምን ያመጣል አንልም፤ ዌልስም ተስፋ አድርጎ አልሆነለትም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ነገ ከመካከላችን አንዱ ሹም፣ አንዱ ጋዜጠኛ፣ አንዱ መምህር ይሆናል፤ ካርታ ተዘርግቶለት «እዚህ ላይ ያለው ኃይል ይህን ያህል ነው» በተባለ ጊዜ፣ ከዚያ ቁጥር ውስጥ የአንዱን ሰው ዓይን የማየት ልምድ ቢኖረው ለአገሩ ይበጃል። በሚቀጥለው እሑድ የሚቀቡት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ብሩሽ መያዝ የሚፈልግ አትላስ ብቅ ይበል፤ ሥራው ብዙ ነው።