የአስማእ ልጆች

ምስጋና ልጅ ሰጥቶ ላከበረን፣ ስለ አደራውም ለሚጠይቀን አላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን። እናንተ የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

የዛሬው ቃል ወንድ ልጅ ቤታቸውን ለሞላው ወላጆች ነው። አራት፣ አምስት፣ ሰባት ወንዶች በአንድ ጣሪያ ሥር የምታሳድጉ፣ አንዱን ስታስቀሩ ሌላው አጥር የሚዘልባችሁ እናቶችና አባቶች፣ ስሙኝ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ገደማ ከመካ ወደዚህ አገር ከተሰደዱት መካከል ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ ይገኙበታል። ጀዕፈር በንጉሡ በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ መርየም የሚናገረውን ሱራ የቀሩበትን ቀን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ከዚያ በኋላ ስለነበረው ኑሮ ግን እምብዛም አናወራም። ሁለቱ በሐበሻ ምድር ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ፤ ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተባሉ ሦስት ወንዶች ልጆችም እዚሁ ወለዱ። አያት አጠገባቸው የለም፣ አጎት የለም፣ ነቢዩም ባሕር ማዶ ናቸው። እነዚያ ልጆች ሃይማኖታቸውን ከማን ይማሩ? ከአባታቸው፣ ከእናታቸው፣ ከጥቂት ስደተኛ ጓዶቻቸው በቀር ማን ነበራቸው? ቤታቸው ካልተማሩ የሚማሩበት ሌላ ቦታ አልነበረም።

በሂጅራ ሰባተኛው ዓመት መዲና ገቡ። በዓመቱ ጀዕፈር በሙእታ ዘመቻ ተሰዉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መርዶውን ይዘው ወደ አስማእ ቤት ሲመጡ፣ እናትየዋ ሊጣቸውን አቡክተው፣ ልጆቻቸውን አጥበውና ቅባት ቀብተው ነበር፤ የሲራ ጸሐፊዎች ይህን ሳይንቁ መዝግበውታል። ነቢዩ ልጆቹን አስጠሩ፣ ወደ ራሳቸው አስጠግተው አሸተቷቸው፣ ዓይናቸውም አነባ። ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ። እናትየዋ ስለ የቲሞቹ ሲጨነቁም ኃላፊያቸው እሳቸው እንደሆኑ ነገሯቸው። ዐብደላህ ገና ልጅ ሳለ ሲነግድ አይተው በንግዱ በረከት እንዲያገኝ ዱዓ እንዳደረጉለትም ይወራል። ያ ልጅ አድጎ በቸርነቱ የታወቀ ሰው ሆነ።

እናንተ እናቶች፣ ያን ጠዋት አስቡት። ባል ዘመቻ ላይ ነው፣ ሦስት ወንዶች ልጆች ቤቱን ያምሱታል፣ ሊጡ ይቦካል፣ ልጆቹም ታጥበው ተዘጋጅተዋል። ማንም በማያየው ሰዓት የሚሠራውን ይህን ሥራ ተርቢያ አይደለም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። አደብ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

ወንድሞቼ፣ አባቶችም ይህን አንድ ጊዜ ቀምሰነዋል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ቀጥሎም መስጊዶቻችን ሲዘጉ፣ የ1441 ረመዷን ተራዊሕ በየሳሎኑ ተሰገደ። አባት ኢማም ሆነ፣ ልጆቹ ከኋላው ሰፍ ያዙ፣ ታናሹ አዛን አለ፣ ታላቁ አባቱ የሳተውን አያ አቃና። ስንቱ አባት ልጁ የትኛው ሱራ ላይ እንደደረሰ ያወቀው ያኔ ነው። በሮቹ ሲከፈቱ ግን ልጁን ለኡስታዙ፣ ለአስተማሪው መልሰን ሰጠነው፤ እኛም ወደ ሥራችን ተበተንን። ይህ ያሳዝነኛል።

አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ላይ ቀድሞ ልጅ በማሳደግ ሠፈሩም ያግዘን ነበር። ባለሱቁ፣ ቡና የምታፈላዋ እናት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን በስሙ ጠርቶ ይገስጸው ነበር፤ ትምህርት ቤት የፎረፈ ልጅ ከቂርቆስ እስከ ኡራኤል መደበቂያ አልነበረውም። በ2017 ሠፈሩ ሲፈርስ ብዙዎቻችሁ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች ሄዳችሁ። አባት ለሥራ በሌሊት ይወጣል፣ ሲመለስ ልጆቹ ተኝተዋል። አዲሱ ጎረቤት ገና የልጁን ስም አያውቅም። ሠፈሩ ይሸከመው የነበረው ሸክም ተጠቅልሎ ቤት ገብቷል።

ልጅ ትምህርት ቤት አትላኩ እያልኩ አይደለም። ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆችም አሉ፤ በቁም ነገር ከያዙት አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ ቁርኣን ሐፍዞ ሒሳብ ያልቻለ ልጅ ከወላጁ አንድ ሐቅ ቀርቶበታል። ሒሳብ ችሎ ፋቲሓን የማይቀራው ደግሞ ይብሳል።

ነቢዩ ልጅን በሰባት ዓመቱ ሶላት እንድናዘው፣ በአሥር ዓመቱ መኝታ እንድንለይ አዘዋል። አንድ ክፍል ቤት ላለው ሁለተኛው ከባድ ነው፤ መጋረጃም ቢሆን ይጋረድ። ከሰባት እስከ አሥር ያሉትን ሦስት ዓመታት ቁጠሯቸው፦ በቀን አምስት ጊዜ ሲሆን ከ5,000 በላይ ማሳሰቢያ ነው። ዱላ ሳይነሳ፣ በቃል ብቻ። በሁለተኛው ቀን በጥፊ የሚጀምር አባት ይህን ሁሉ ዕድል ዘሎታል።

ይህን ተናግሬ ለእኔም ለእናንተም የአላህን ምሕረት እለምናለሁ።

ምስጋና ለአላህ፣ ሶላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን።

ወንዶች ብዙ በሆኑበት ቤት ፈተናው ማዳላት ነው። የኑዕማን ኢብን በሺር አባት ለአንዱ ልጃቸው ብቻ ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን ምስክር ሊያደርጉ ሲመጡ፣ ለሌሎቹም እንዲህ ሰጥተው እንደሆነ ጠየቋቸው፤ አልሰጠሁም ሲሉ ምስክር ለመሆን እምቢ አሉ። ጎበዙን እያወደሳችሁ ዘገምተኛውን በወንድሞቹ ፊት አታሳንሱት። አልአቅረዕ ኢብን ሓቢስ አሥር ልጆች ኖሯቸው አንዱንም ስመው እንደማያውቁ ሲናገሩ፣ ነቢዩ የማያዝን እንደማይታዘንለት ነገሯቸው። ወንድ ልጅ ነው ብላችሁ እቅፍ አትንፈጉት።

ሳህን ይጠቡ፣ ሽንኩርት ይላጡ፣ የእናታቸውን ጀርባ ያሳርፉ። ነቢያችን በቤታቸው የቤተሰባቸውን ሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ ተናግረዋል።

ያ አላህ! በሌሊት ከዳርቻ ተነስተው ለእንጀራ የሚወጡትን አባቶች፣ ማታ ከልጆቻቸው ጋር የሚቀመጡበት አቅም ስጣቸው። ብቻቸውን የሚያሳድጉትን እናቶች ለአስማእ እንደደረስክላት ድረስላቸው። የተበተነውን ጀማዓችንን በአዲሱ ሠፈሩ ሰብስበው። አሚን።

ሰፋችሁን አስተካክሉ፤ ልጆቹንም ከመካከላችሁ አታስወጧቸው። ሶላት ቁሙ።