«አቤት» ባዩ ማን ነው?

እንደሚታወቀው ሁሉ የትምህርት ዘመን ሲከፈት የማይሞላ አዳራሽ የለም። ዘንድሮም እንዲሁ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ወንበር ያጣነው መስኮት ሥር ቆመን፣ አዲስ ደብተር ገልጠን፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፉትን የራሳቸውን ስም ሳይቀር ገለበጥን። ላይብረሪው በር ላይ ሰልፍ፣ ዶርም ግድግዳ ላይ የጥናት ፕሮግራም፣ «ዘንድሮ ቀልድ የለም!» የሚል መሐላ። መቼም አደይ አበባና የተማሪ ተስፋ የሚፈኩት ባንድ ወር ነው። አደይ ከጥቅምት በኋላ የት እንደምትገባ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ኅዳር ላይ ወደዚያው አዳራሽ ብቅ ብትሉ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። የሚያስገርመው ግን ይኸ አይደለም። የሚያስገርመው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ የሚፈረምበት የአቴንዳንስ ወረቀት ኅዳርም፣ ጥርም፣ ሰኔም እንደ መስከረሙ ሙሉ መሆኑ ነው።

ተአምሩ እንዴት እንደሚሠራ ለአንባቢያን ማስረዳት ቀባሪን ማርዳት ይሆናል። አንዱ ይተኛል፣ ሌላው ይፈርምለታል። ነገ ተራው ይገለበጣል። ከመካከላችን በግራ እጁ መፈረም የተለማመደም አለ፤ ጽሕፈቱ እንዳይመሳሰል መሆኑ ነው። ለመሆኑ ይኸ ነገር ወዳጅነት ነው ወይስ ውሸት? ብንጠየቅ ሁላችንም ሳናመነታ «ወዳጅነት ነው» እንል ነበር። እንዲያውም እምቢ ያለውን ልጅ በክፉ ስም ነበር የምንጠራው። ማንን ጎዳን? የመምህሩ ደሞዝ አልተቆረጠ፣ የመንግሥት ንብረት አልጠፋ። ደግሞስ ዕድሜው ሃያ ያለፈ ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ሕፃን ይቆጠራል እንዴ? ይኸ ሁሉ ክርክር ዛሬም ቢሆን እውነት የለውም አንልም። ስላይድ እያነበበ ሰዓቱን የሚጨርስ መምህር አለ፤ ጭራሹን ሳይመጣ የሚቀርም አለ፤ ለእሱ የሚዞር ወረቀት ግን አላየንም።

ነገሩ የተበላሸብን በ2016 ዓ.ም. ነው።

እኛ የ12ኛ ክፍልን ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከቤታችን ርቀን፣ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ አድረን የተፈተንን ነን። ውጤቱ በጥር ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመላው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዶርማችን ልጆች አንዱ ከተማረበት ክፍል ያለፈው እሱ ብቻውን ነው። ሲሸኙት የጎረቤት እናቶች ሳይቀሩ የየአቅማቸውን በመሐረብ ቋጥረው እንደሰጡት ነግሮናል። ክፍል የሚቀር ልጅ አልነበረም፤ የሚፈርምልን እንጂ የሚፈረምለት አልነበረም። በሁለተኛው ዓመታችን፣ ከመንፈቅ ዓመቱ አጋማሽ ፈተና በኋላ «አባትህ ታመዋል» የሚል መልእክት ደረሰው። «ሦስት ቀን ነው፤ እስከዚያ ፈርሙልኝ» ብሎን ሄደ።

ፈረምንለት። ሦስቱ ቀን ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር። መንገድ ተዘጋ፤ ስልኩም አይሠራም። ምን ሆኖ ይሆን እየተባባልን እንፈርማለን። አንዳችንም ወደ ዲፓርትመንቱ ሄደን «ጓደኛችን የለም» አላልንም። ብንልማ እስከዛሬ የፈረመው ማን ነው ይባላል! በሰባተኛው ሳምንት ፀጉሩን ተላጭቶ መጣ። አባቱን ቀብሮ ነው። ፈተናው አልፏል።

ደንቡ የሚያፈናፍነው ነገር ነበረው። ችግር የገጠመው ተማሪ በጊዜው አስታውቆ የማቋረጫ ፎርም ከሞላ በሚቀጥለው ዓመት ካቆመበት መቀጠል ይችላል። ያላስታወቀውም ቢሆን በእርግጥ እንዳልነበረ ከታመነለት ጉዳዩ ይታይለታል። እሱም አመለከተ። ሰዎቹ አቴንዳንሱን አወጡ። እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ድረስ አንድም ቀን አልቀረም! «እዚህ ከነበርክ ለምን አልተፈተንክም?» አሉት። እውነቱን ቢናገር እኛን ማውጣቱ ነው፤ ዝም አለ። እኛ አራታችን በሩ ላይ ቆመን እንጠብቀው ነበር። አልገባንም። ቅጣቱን እናውቀው ነበርና። በሁሉም ትምህርት ኤፍ ተሰጥቶት ተሰናበተ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ከዚህ ይነሣል። በጽሑፍ «አለ» ብለን የመሰከርንለት ሰው፣ ምስክርነታችን ነው ያጠፋው። ስም የሚጠራው ለመቅጣት ብቻ ይመስለን ነበር። በአንደኛ ደረጃ ስማችን ሲጠራ «አቤት!» እንል ነበር። ይኸው ቃል የተበደለ ሰው ዳኛ ፊት የሚያሰማው ቃል መሆኑን አስተውለነው አናውቅም። ለሚጠራ ሰው «አቤት» ማለት አለሁ ማለት ብቻ ሳይሆን ስሙኝ ማለትም ነው። የሌላውን «አቤት» የወሰድንበት ቀን፣ «የት ገባ?» ተብሎ የመፈለግ መብቱንም አብረን ወስደንበታል። ባዶ መሥመር ቢኖር ኖሮ አንድ ሰው፣ ምናልባት ያው ስላይድ አንባቢው መምህር፣ በሁለተኛው ሳምንት ይጠይቅ ነበር።

በቆሎ ትምህርት ቤት ስም ጠሪ የለም። ደበሎ ለባሹ ተማሪ የኔታን ፍለጋ አገር አቋርጦ የሚሄደው በገዛ እግሩ ነው። ባልንጀራው ሲታመምበት ኮሮጆውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለሁለት ይለምናል፤ እንጀራውን ይካፈላሉ። የኔታ ፊት ቀርቦ የባልንጀራውን ቀለም ሊቀጽልለት ግን አይችልም። ለሰው የሚደረግለትና የማይደረግለት ነገር ድንበሩ እዚያ ላይ በደንብ የታወቀ ነው። እኛ ተምታቶብናል። ለእሱ ልንለምንለት፣ ልንጮህለት ሲገባን በእሱ ቦታ ተገኘንለት።

መቅረት በራሱ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጥተዋል። መልካምነቱ እስካሁን ያከራክራል፤ የት እንዳሉ ግን ይታወቅ ነበር። በትግራይ ደግሞ በ2012 በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ሦስት ዓመት ያህል ስማቸውን የሚጠራ ያጡ ሕፃናት ነበሩ። ሁለቱንም «ቀሪ» ብሎ በአንድ ቃል መጻፍ ይቻላል፤ ቃሉ ግን ምንም አይነግረንም። ሰው ለምን እንደቀረ የሚታወቀው መቅረቱ ሲታወቅ ነው።

«ታዲያ ለምን ሄዳችሁ አትናዘዙም?» የሚል አይጠፋም። ባለፈው ዓመት ሄድን፤ ዘግይቶም ቢሆን። ውሳኔው አልተለወጠም፤ እኛም እንደፈራነው አልተባረርንም፤ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልን ወጣን። ይኸ ይበልጥ አሳፈረን። በዓሉን ምክንያት አድርገን ስንደውልለት «ትምህርት እንዴት ነው?» ይለናል፤ ያንን ቀን አንሥቶብን አያውቅም።

ዘንድሮ፣ አዳራሹ በሞላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወረቀቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። ከዶርማችን አንዱ አልመጣም። ሦስታችን ፈርመን መሥመሩን ባዶ ትተን አሳለፍነው። አጠገባችን የተቀመጠው ፍሬሽማን እኛንና ወረቀቱን አየ፤ የረሳን መስሎት እስክሪብቶውን ሊያውሰን ዘረጋ። ከክፍል እንደወጣን ወደ ዶርም ሄደን በሩን አንኳኳን።