የአልበም ሂስና የጣዕም ሚዛን

አዲስ አልበም ሲወጣ አንዱ ሐያሲ «የዓመቱ ምርጥ ሥራ» ይለዋል፤ ሌላው ለጆሮ የማይበቃ ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱ የሚከራከሩት ስለ አልበሙ ነው ወይስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስሜት ነው የሚናገሩት? ክርክሩ ስለ አልበሙ ከሆነ ቢያንስ አንዳቸው ተሳስተዋል። ስለ ስሜት ብቻ ከሆነ ደግሞ ክርክር የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም፤ አንዱ ቡና፣ ሌላው ሻይ ቢያዝ ተሟገቱ አይባልም። ጥያቄው አልበም የሚባል ነገር ከመፈጠሩ በፊት ፈላስፎችን ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። ዛሬ ግን ከሌላው ጥበብ ሁሉ ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚነሣው በፖፕ፣ በሮክ፣ በራፕና በመሰል ሙዚቃዎች ዙሪያ ነው።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂውም እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ ባሳተመው ድርሰት ችግሩን ከሁለት ወገን ያዘው። ስሜት ከራሱ አልፎ ወደ ሌላ ነገር ስለማያመለክት ሐሰት ሊሆን አይችልም፤ ደስ ያለው ሰው ደስ ብሎታል፣ በቃ። ይሁንና ታላቁን ባለቅኔ ጆን ሚልተንን ከመናኛ ገጣሚ ጋር እኩል ነው የሚል ሰው ቢነሣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሁለቱም ሐሳቦች እውነት ይመስላሉ፤ አብረው ግን አይሄዱም። ሂውም መውጫውን የፈለገው በዳኛው ዘንድ ነው። ጥሩ ዳኛ የሰላ አእምሮና ረቂቅ ስሜት ያለው፣ በልምድ የበሰለ፣ ሥራን ከሥራ ጋር ማነጻጸር የለመደና ከአድልዎ የጸዳ ሰው ነው፤ የእንዲህ ያሉ ዳኞች የጋራ ፍርድም የጣዕም መለኪያ ይሆናል።

ሂውም ሐሳቡን ለማስረዳት ከሰርቫንቴስ «ዶን ኪኾቴ» ልቦለድ አንድ ታሪክ ይጠቅሳል። ሁለት ቀማሾች በአንድ በርሜል ስላለ ወይን አስተያየት ይጠየቃሉ። አንደኛው አጣጥሞ ካሰበ በኋላ ወይኑ ጥሩ ነው፣ ጥቂት የቆዳ ጣዕም ባይኖረው ይላል። ሁለተኛውም ጥሩነቱን ያምንና ብረት ብረት ይላል ብሎ ይጨምራል። በዙሪያቸው ያለው ሰው ይስቅባቸዋል። በርሜሉ ሲገለበጥ ግን ከሥሩ በቆዳ የታሰረ አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። ቀማሾቹ የተናገሩት በወይኑ ውስጥ ስላለ ነገር እንጂ ስለ ምላሳቸው ብቻ አልነበረም። ደግሞም የሚቃረኑ የመሰሉት ሁለት ፍርዶች እያንዳንዳቸው የእውነቱን ግማሽ ይዘው ነበር። የአልበም ሐያስያንም ብዙ ጊዜ የሚለያዩት አንዱ ያልሰማውን ሌላው ስለሰማ ነው፤ ይህ ከስሕተት የተለየ ነገር ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1790 ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ አየው። «ይህ ወይን ይጥመኛል» የሚል ሰው ለራሱ ብቻ ይናገራል፤ «ይህ ውብ ነው» የሚል ግን ሌላውም ሰው እንዲስማማ ይጠብቃል። ሆኖም የሚያስገድድ ማስረጃ የለውም፤ ያልወደደውን ሰው በሕግና በደንብ ማሳመን አይቻልም፣ ራሱ መስማት አለበት። የአልበም ሂስ ሙሉ ችግርም ክብርም እዚህ ላይ ነው። ሐያሲው ማረጋገጫ አያቀርብም፤ አንባቢው ሄዶ እንዲሰማው የሚጠቁመው ነገር ግን አለው።

ምን ይጠቁማል? መልሱ አልበም ምን ዓይነት ነገር ነው በሚለው ላይ ይመሠረታል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ቴዎዶር አዶርኖ በ1941 ስለ ተወዳጅ ሙዚቃ ሲጽፍ ዘፈኖቹ በአንድ ቅርጽ እየተቀረጹ የሚወጡ፣ ልዩነታቸውም ላይ ላዩን ብቻ የሆነ የገበያ ምርቶች ናቸው ብሎ ደመደመ። ስለ ገበያው የተናገረው ብዙ እውነት አለው። ጆሮው ግን የቤትሆቨንን ሲምፎኒ ለመከተል የሠለጠነ ነበርና በዘፈን ውስጥ የፈለገው የሐሳብ እድገትን፣ የቅርጽ ውስብስብነትን ነበር። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቴዎዶር ግሬሲክ በ1996 ያቀረበው ሐሳብ ይህን ያርማል፤ በሮክ ሙዚቃ ዋናው ሥራ በወረቀት የሚጻፈው ዜማ ሳይሆን የተቀዳው ድምፅ ራሱ ነው። የከበሮው ቀለም፣ የድምፁ ርቀትና ቅርበት፣ የጊታሩ ሻካራነት የሥራው አካል ናቸው። በኖታ ሲታይ ባዶ የሚመስል ዘፈን በስፒከር ሲሰማ ሀብታም የሚሆነው ለዚህ ነው።

የአውቶ ቲውን ጉዳይ ነገሩን በቅርብ ያሳያል። የድምፅን ስሕተት ለማቃናት በ1997 ለገበያ የቀረበውን ይህን ሶፍትዌር የዘፋኟ የሼር ዘፈን በ1998 በግልጽ የሚሰማ መሣሪያ አደረገው። ራፐሩ ካንዬ ዌስት ደግሞ በ2008 «ኤይት ኦ ኤይትስ ኤንድ ሃርትብሬክ» በተባለው አልበሙ ከሞላ ጎደል ድምፁን ሁሉ በዚህ ሶፍትዌር አሳልፎ ዘፈነ። ዘፋኝ በጥሬ ድምፁ ልቡን መግለጥ አለበት ብሎ ለሚያምን አድማጭ ይህ መደበቅ ነው፤ በርካታ አድማጮችም ያኔ ግራ ተጋብተው ነበር። ነገር ግን አልበሙ የተሠራው ዘፋኙ በ2007 እናቱን ካጣ በኋላ ነው። በዚያ ውስጥ የሚሰማው የቀዘቀዘ፣ ከሰው ድምፅ የራቀ ቃና ሐዘኑን የሚሸፍን ሳይሆን ሐዘኑን የሚናገረው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ የራፕ ዘፋኞች መንገዱን ተከተሉት። መጀመሪያ ላይ ያልወደዱት ሰዎች መጥፎ ጆሮ አልነበራቸውም፤ የሮክን ሚዛን ይዘው ሌላ ነገር መዘኑ እንጂ። የሙዚቃ ሐያሲው ኬሌፋ ሳኔህ በ2004 በኒው ዮርክ ታይምስ የተቸው አስተሳሰብ ይኸው ነው፤ ጊታር የያዘ፣ ዘፈኑን ራሱ የሚጽፍ ዘፋኝ እውነተኛ፣ የዲስኮና የፖፕ ዘፋኝ ግን አስመሳይ ነው የሚል።

እያንዳንዱን ስልት በራሱ ሚዛን መመዘን ግን ሁሉም እኩል ነው ወደሚል ድምዳሜ አያደርስም። ራፕን በራፕ ሚዛን ስንመዝነውም ደካማ ራፕ ደካማ ነው። ሐያሲው ሁለት ጥያቄ አለበት፤ አልበሙ ያሰበውን አደረገ ወይ? ያሰበውስ ሊታሰብ የሚገባው ነበር ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ከስልት ወሰን ያልፋል። በ2018 የኬንድሪክ ላማር «ዳም» አልበም የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ሲያገኝ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ የመጀመሪያው ነበር፤ ዳኞቹ ራፕን እንደ ሲምፎኒ ሳይሰሙ ከሲምፎኒ ጎን ሊያስቀምጡት ችለዋል።

ሂስን የሚያበላሸው ትልቁ ነገር ቁጥር ነው። ሐያሲው ሮበርት ክሪስጋው በ1969 በቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ ለአልበሞች እንደ ተማሪ ፈተና የፊደል ማዕረግ መስጠት ጀመረ፤ እሱ ግን ከፊደሉ ጋር የሚጽፋቸው ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች የተጠነቀቁ ነበሩ። የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጹ ፒችፎርክ ከ0.0 እስከ 10.0 በአሥረኛ ክፍልፋይ መመዘንን አመጣ፤ ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ ከ2001 ጀምሮ የሐያስያንን ነጥብ እየሰበሰበ አማካይ ያወጣ ጀመር። አማካይ የቆዳውንና የብረቱን ጣዕም አደባልቆ ሁለቱንም ያጠፋል። በ2003 ፒችፎርክ ለሊዝ ፌር አልበም 0.0 ሰጠ። ዘፋኟ በ1993 በዝቅተኛ ወጪ በሠራችው የመጀመሪያ አልበሟ ተደንቃ ነበር፤ አሁን ለወጣቷ አቭሪል ላቪን ተወዳጅ ዘፈኖችን ከሠሩ አቀናባሪዎች ጋር ስለ ሠራች እንደ ክህደት ተቆጠረባት። ዜሮ ማለት በአልበሙ ውስጥ አንድም የሚሰማ ነገር የለም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ስለ ሙዚቃው የተነገረ ሊሆን አይችልም። የሂሱ ጸሐፊ በ2019 በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ ፒችፎርክም በ2021 ነጥቡን 6.0 አደረገው። በዚያው ጊዜ የዳፍት ፐንክን «ዲስከቨሪ» አልበም ከ6.4 ወደ 10 ከፍ አደረገ።

አንዳንዶች ይህን የሂስ ከንቱነት ማስረጃ ያደርጉታል። የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ጣዕም ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚታረም ነገር ባልኖረ ነበር። የሮሊንግ ስቶን መጽሔትም እንዲሁ ነው፤ በ1969 የሌድ ዜፔሊንን የመጀመሪያ አልበም አጣጥሎ፣ በ2003 ከምርጥ 500 አልበሞች መካከል አስገባው። በዚያው ዝርዝር የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» አንደኛ ነበር፤ በ2020 አዳዲስ ዳኞች ድምፅ ሲሰጡ አንደኛነቱ ለማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ሆነ። ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ፒየር ቡርዲዩ በ1979 እንዳሳየው ጣዕም ከመደብና ከትምህርት ይወለዳል፤ ዳኞቹ ሲለወጡ ፍርዱ መለወጡም የዚህ ምልክት ነው። ሆኖም አንድ ፍርድ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ሐሰት መሆኑን አያረጋግጥም። ይልቅ ጊዜ ያስፈልጋል። ሂውም የጥንቱን ባለቅኔ ሆሜርን የመዘነው ለሁለት ሺህ ዓመት በዘለቀ አድናቆት ነው፤ ቢዮንሴ በታኅሣሥ 2013 ያለ ማስታወቂያ አልበም ስታወጣ ግን ሐያስያን በሰዓታት ውስጥ እንዲፈርዱ ተገደዱ።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከዚህ ክርክር ጋር የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ1986 የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በቤልጂግ ሲታተም፣ በኋላም በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተዘጋጁት የ«ኢትዮፒክስ» አልበሞች ሲሠራጩ ነው። አማርኛ የማያውቀው የውጭ ሐያሲ የሰማው የነፋስ መሣሪያዎቹን፣ ኦርጋኑንና የቅኝቱን እንግዳነት ነው፤ አድናቆቱም አልተሳሳተም። ቅኔውን ግን አልሰማም፤ የትዝታን ግጥም ወርቅ ሳይለዩ ስለ ትዝታ መፍረድ ግማሽ ፍርድ ነው። የአገር ቤት አድማጭ በበኩሉ ግጥሙን አንድ በአንድ ሲተነትን ባሱ ምን እንደሚሠራ ሳያስተውል ያልፋል። የአማርኛ አልበም ሽፋን ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደ ሆኑ ለየብቻ ይጽፋል፤ ሂሱም በዚህ ቢሄድ ይጠቀማል። ስለ ግጥሙ ብዙ ይባላል፣ ስለ ዜማው ጥቂት። አልበሙን አልበም ያደረገው አቀናባሪ ግን አሁንም በስሙ የሚጠራው፣ ሥራውን ለይቶ የሚመዝንለት ሐያሲ ይፈልጋል።