ሆድ ሲቆርጥ ማን ይከሰሳል?

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጉለሌ ውስጥ፣ ቀጨኔ የሚባል ሰፈር አለ። የአዲስ አበባ እንጀራ የተጋገረበት የሸክላ ምጣድ፣ ወጥ የተሠራበት ድስት፣ ቡና የፈላበት ጀበና ከዚህ ሰፈር ሴቶች እጅ መውጣት ከጀመረ ብዙ ትውልድ አልፏል። የብዙዎቹ ቅድመ አያቶች በአፄ ምኒልክ ዘመን ከሰሜን ሸዋና ከሌላም አገር የመጡ ባለእጆች ነበሩ፤ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ። ከተማው ምጣዳቸውን እየገዛ ዓይናቸውን ሲፈራ ኖሯል። በልቶ የተነሳ ሰው ሆዱን ሲቆርጠው፣ ምክንያቱም ሲጠፋው፣ «ቡዳ በልቶኝ ነው» ይላል። ጣቱ ከሚቀሰርባቸው መካከል የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ አትጠፋም።

ይህ ክስ ከየት ይመጣል? አለማወቅ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን አይበቃም። እግሩን የተሰበረ ሰው የት እንደወደቀ ያውቃል። ከምግብ በኋላ የሚመጣ ቁርጠት የሚያስታውሰው ገበታውን ነው፤ ማን አጎረሰኝ፣ ማን ቆሞ አየኝ፣ ማን ሳይጋበዝ ቀረ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በመንዝ ያገኘው የቡዳ ፍርሃት ከቅናት ጋር የተቆራኘ ነበር፤ የሚፈራው ያላገኘ ሰው ዓይን ነው። ቶም ቦይልስተን ደግሞ ስለ ዘጌ በጻፈው መጽሐፍ የቡዳ ነገር ከመብላትና ከማብላት፣ ከገበታ ዘመድና ከገበታ ባዕድ ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር አሳይቷል። ስለዚህ «ምን በላሁ?» የሚለው ጥያቄ በቀላሉ «ማን በላኝ?» ወደሚለው ይዞራል።

ለኮሶ ትል ግን ሰው መክሰስ አላስፈለገም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የትሉን ቁራጮች በዓይኑ ያያል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች እንደጻፉት፣ ሰዉ በየሁለት ወሩ ገደማ የደጋውን የኮሶ ዛፍ አበባ ወቅጦ፣ በጥብጦ ይጠጣ ነበር። መድኃኒቱ ያንገፈግፋል፤ ቢሆንም ጎረቤት ሳይወነጀል ነገሩ ያልቃል። ምክንያቱ በታየበት ቦታ ያው ማኅበረሰብ ተግባረኛ ነው። ተከሳሽ የሚፈለገው ምክንያቱ ሲሰወር ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጀዋል። አዋጁ ስድቡን እንጂ ፍርሃቱን ሊሽር አልቻለም፤ ለቆረጠው ሆድ ሌላ ማብራሪያ ይዞ አልመጣምና።

«ማን ይከሰሳል?» የሚለው ጥያቄ ግን የቡዳን ነገር የማያምነውንም ይመለከታል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ ዘጠኝ ደቀ መዛሙርቱ ከልደቱ ጀምሮ ዕውር የሆነውን ሰው አይተው ጥፋቱ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ይጠይቃሉ። ጌታ ሁለቱንም ክስ ውድቅ አድርጎ፣ አፈር በምራቁ ለውሶ ወደ ማዳኑ ያልፋል። በመጽሐፈ ኢዮብም ለመከራው ሁሉ ምክንያት ያዘጋጁት ወዳጆች ናቸው፤ በመጨረሻ የተገሠጹትም እነሱ ናቸው። ሁለቱ ታሪኮች የሚነቅፉት አንድ ልማድ ነው፤ ሕመምን አይቶ ወንጀለኛ መፈለግን።

ሕክምናም ከዚህ ልማድ ንጹሕ አልነበረም። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው በዓለም ዙሪያ ሲነገረው የኖረው «ትጨነቃለህ፣ ትቆጣለህ፣ ቅመም ታበዛለህ» የሚል ነበር። የተከሰሰው ራሱ ታማሚው ነው፤ ልክ እንደ ኢዮብ። ከዚያ በ1982 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፐርዝ ላይ፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ከጨጓራ የተወሰደ ናሙና ላይ ባክቴሪያ ለማብቀል ሲሞክሩ ብዙ ጊዜ ሳይሳካላቸው ቆየ። የተሳካው ሳህኖቹ በትንሣኤ በዓል ዕረፍት ምክንያት ከተለመደው ቀን በላይ በቆዩ ጊዜ ነው። ቁስለቱን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው ሲሉ የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣና ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ «ኤች ፓይሎሪ» የሚለውን የባክቴሪያውን ስም የጉለሌ ፋርማሲ ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ጥያቄው አበቃ? አላበቃም። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ይህን ባክቴሪያ እንደሚይዝ ያሳያሉ፤ አብዛኛው ግን ቁስለት አይዘውም። የደም ምርመራው ደግሞ የዳነውንና አሁን ያለውን ኢንፌክሽን አይለይም፤ ይህን ለመለየት የሰገራ አንቲጂን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይሻላል። አሜባም እንዲሁ ነው። በማይክሮስኮፕ ጎጂው አሜባና ምንም የማያደርገው ዘመዱ አንድ ይመስላሉ። «አሜባ ተገኘብህ» የተባለ ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ ቁርጠቱ ካልለቀቀው፣ የተያዘው ንጹሑ ሊሆን ይችላል። ላቦራቶሪም በችኮላ ይከሳል ማለት ነው።

እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1937 እ.ኤ.አ. ስለ ያኔዋ ሱዳን አዛንዴዎች የጻፈው መጽሐፍ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጎተራ ወድቆ ሰው ሲጎዳ አዛንዴዎች ምስጥ እንደበላው ያውቃሉ። የሚጠይቁት ለምን በዚያች ሰዓት፣ ለምን በእነዚያ ሰዎች ላይ እንደወደቀ ነው። ባክቴሪያውም ልክ እንደ ምስጡ «እንዴት» የሚለውን ይመልሳል። «ለምን እኔን?» ለሚለው የሳይንስ መልስ ዕድልና ተጋላጭነት ነው። መልሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን ማንንም ከሰፈር አያስወጣም። ሃይማኖተኛውም ቢሆን የቀረውን ጥያቄ ለፈጣሪ ይዞ መሄድ ይችላል። በጎረቤቱ ላይ ማራገፍ ግን አይችልም።

ከዚህ በኋላ «ምንም አልተገኘም» የሚለው ውጤት ይመጣል፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ኢንዶስኮፒ ንጹሕ፣ አልትራሳውንድ ንጹሕ፣ ሆዱ ግን ይነፋል፣ ይቆርጣል። ሐኪሞች ከጨጓራ አሠራር የሚመጣ የምግብ አለመፈጨት የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ጨጓራ ምግብ ሲገባበት እንደሚገባው አይለጠጥም፣ ነርቮቹም ከልክ በላይ ይሰማቸዋል። ሕመሙ እውነተኛ ነው። «ነርቭ ነው፣ አታስብ» ተብሎ የሚሸኝ ሰው ግን ውሸታም የተባለ ያህል ይሰማዋል፤ በማግስቱም «ማን በላኝ?» ወደሚለው ቢመለስ አይገርምም።

ጉለሌ ውስጥ ትልቁ ሆስፒታል በቅዱስ ጳውሎስ ስም መጠራቱ ሳይታሰብ የሰመረ ነገር ነው። ሐዋርያው ሆዱን ለሚያመው ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል፤ ማን እንዳሳመመው አልመረመረም። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ዙሪያም የእምነትና የመድኃኒት ጉዳይ ተነስቶ ያውቃል። የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ትተው ጠበል ብቻ የያዙ በበዙ ጊዜ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብረው ይወሰዱ ብለዋል። ለሆድም ያው ይሠራል።

ከበሉ በኋላ ሆዳቸውን የሚያማቸው ምን እንደበሉ፣ ስንት ሰዓት ቆይቶ እንዳመማቸው ለጥቂት ሳምንታት ይጻፉ። ከሁዳዴ በኋላ በወተት የሚብስ ከሆነ አንጀት የወተትን ስኳር አለመፍጨቱ፣ ቅባት ከበሉ በኋላ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ከሆነ የሐሞት ጠጠር ይጠረጠራል። ለራስ ምታትና ለወገብ የሚዋጡት ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም ጨጓራ ያቆስላሉ። ሰገራው የጠቆረ፣ ደም ያስታወከ፣ ሳያስበው የከሳ፣ ምግብ መዋጥ ያቃተው ሰው ግን ማስታወሻ በመጻፍ ቀን ሳይፈጅ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።