የምክር ቅጣት

ምሳሌ ነውና ለሰዎቹ ስም አላወጣሁላቸውም። ከተማው ግን ጅጋ ነው። ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ የሚገኘው፣ በመኸር ጊዜ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ አላፊ አግዳሚውን የሚያስነጥሰው ጅጋ።

አንድ ማለዳ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ የእድሩን ዳኛ በር አንኳኳች።

«አያ፣ ድንኳኑን ፈልጌ ነው የመጣሁ» አለች።

ዳኛው ደንግጠው ከመደቡ ተነሡ። «ምነው? ማን ሞተብሽ? ሰውየው ደኅና አይደለም?»

«እሱስ ደኅና ነው።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ያልመጣው ነው፣ አያ።»

ዳኛው ለጊዜው አልገባቸውም። እንዲገባቸው ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ሴትዮዋና ባሏ «ውለዱ፣ ክበዱ» ተብለው ከተመረቁ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ሆዷን ያይ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ማየቱን ትቶ መጠየቅ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ያልተጠመቀችበት ጠበል፣ ያልተሳለችበት ታቦት የለም፤ ለአንዱ ጥላ፣ ለሌላው መጋረጃ። ልደታ በመጣ ቁጥር ጎረቤቶቿ ደጅ ላይ ንፍሮ እየዘገኑ «የዓይን ማረፊያ ይስጥሽ» ይሏታል። ምርቃት ነው፤ ግን በየዓመቱ ሲደገም ምርቃትም ይከብዳል። አማቷማ ምርቃቱንም ትተዋል። ልጃቸውን ጓዳ እየጠሩ «ዘርህ ሳይወጣ ልትቀር ነው፣ ሌላ አግባ» ይሉታል። ጓዳውና ማጀቱ የሚለየው በአንድ ጭቃ ግድግዳ ነው።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ በመንግሥት ሆስፒታል እንዲህ ያለ አገልግሎት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ወሬው ጅጋ ደርሶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ባልና ሚስቱ ሁለት በሬ ሸጡ። ለጎረቤት «ለንግድ ነው» አሉ። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ቀጠሮ አለፋቸው፣ ሲከፈት ሄዱ። ተመረመሩ፤ ወረፋ ጠበቁ። መርፌው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይወጋል። የበሰለው እንቁላል በረጅም መርፌ ወጥቶ ላቦራቶሪ ውስጥ ከባል ዘር ጋር ይገናኛል፤ ጽንስ ከሆነ ወደ ማህፀን ይመለሳል። የመጀመሪያዋ ልጅ በዚህ መንገድ እንግሊዝ አገር ከተወለደች እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ ሚሊዮኖች ተወልደውበታል፤ ሆኖም በአንድ ሙከራ ከሚሳካላቸው የማይሳካላቸው ዛሬም ይበዛሉ። ጽንሱ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ገንዘብም ሐኪምም የማያሳጥረው ወደ ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ጥበቃ አለ።

ባሏ ለአጨዳ ቀድሞ ተመልሶ ነበርና ያንን ጊዜ ጉለሌ በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን አሳለፈችው። ስትስቅም ስታስነጥስም እየፈራች። ሌሊት ሌሊት ስም ታወጣለች። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ደም አየች፤ ምርመራውም ያንኑ ተናገረ።

አውቶቡሱ የአባይን በረሃ ሲወርድ አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ ፊቷን አይተው «ከለቅሶ ነው የምትመጪ፣ ልጄ?» አሏት። «አዎን» አለች። «እግዜር ያጽናሽ» አሉና ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። ምን ሆኖ፣ ለምን፣ እንዴት አላሉም። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲያ ብሎ ያጽናናት ሰው አልነበረም። ጅጋ ስትደርስ የምትፈልገውን አውቃ ነበር፤ በማግስቱ ዳኛው በር ላይ የቆመችውም ለዚሁ ነው።

እድሩ ተሰበሰበ። ጸሐፊው ደንቡን ዘርግቶ «ሟች የሚባለው ስም፣ ዕድሜ፣ ከአባሉ ጋር ዝምድና ያለው ነው» ብሎ አነበበ። ገንዘብ ያዡ ቆጣ አለ። «ዛሬ ላልተወለደ ከተቀመጥን፣ ነገ ላልበቀለ በርበሬ ድንኳን ልንተክል ነው?» ሳቅ ሆነ። ሴትዮዋ አልሳቀችም።

ልጃቸው ባድመ ዘምቶ የቀረባቸው አንዲት አሮጊት ከኋላ ተነሡ። «የእኔን ልጅ አስከሬን ያየ አለ?» አሉ። «ጉድጓድ ሳትቆፍሩ አይደለም ወይ ያለቀሳችሁልኝ?»

«እሱማ ስም ነበረው፣ እማማ» አለ ጸሐፊው።

«የእኔም ስም ነበረው» አለች ሴትዮዋ። «አልነግራችሁም እንጂ።»

ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። የንስሐ አባቷ ቄስ ጉሮሯቸውን ጠርገው የሳሙኤልን እናት የሐናን ነገር አነሡ። ልጅ አጥታ በቤተ መቅደስ ስታለቅስ፣ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ቢያይ ካህኑ ዔሊ ሰከረች ብሎ ገሠጻት። «ካህን ነው እንግዲህ» አሉ ቄሱ፤ «እኔም ይህቺን ልጅ ስንት ጊዜ ጾም አጠንክሪ ብዬ ሰደድኳት።» ብዙ ከተነታረኩ በኋላ የእድር የሆነ ውሳኔ ወሰኑ፦ ድንኳኑ ይተከል፣ እስከ ሠልስት ይቀመጡላት፣ ገንዘቡ ግን አይከፈል።

የመጀመሪያው ቀን መከራ ነበር። እዝን ይዞ የገባው ሁሉ ቁጭ ከማለቱ አፉን ይከፍታል። አንዷ ሥር የሚቀምስ ሰው ታውቃለች። ሌላው የቡሬ ዘመዱ ሚስት ባገባች በዐሥራ አምስተኛ ዓመቷ መውለዷን ያወራል። ሦስተኛዋ ሐሳብ ብትተዪ ይመጣ ነበር ትላለች፤ ሐሳብ እንዴት እንደሚተው ግን አልተናገረችም። አማቲቱ ጥግ ተቀምጠው ለሁሉም «አዬ፣ የልጄ ነገር» ይላሉ። ወደ ማታ ሴትዮዋ ጓዳ ገብታ በሯን ዘጋች።

ያን ጊዜ የባድመው ልጅ እናት ዳኛውን ጠሯቸው። «እድሩ ለቅሶ ዘግይቶ የመጣውን ይቀጣ የለም?»

«ይቀጣል።»

«ሳይጠየቅ የመከረውንም ይቅጣ። በቃል ሃያ ብር።»

ጸሐፊው ቅጣት ይወዳል፤ ወዲያው አዲስ ገጽ ከፈተ።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ላስገባ። ምክራችን የሚበዛው ክፋት ኖሮብን አይመስለኝም። ሰው ሲያለቅስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ያቃጥላል፤ ምክር ጥለን የምናመልጠው ከዚያ ቃጠሎ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ አንድ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሴቶቹ ከሚማሩት አንዱ የሰውን ነገር እስከ መጨረሻው መስማትና መፍትሔውን ባለቤቱ ራሱ እንዲፈልግ መርዳት ነው። መስማት ሥልጠና የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን እኛ የምናውቀው ለቅሶ ቤት ብቻ ይመስለኛል።

በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ዝም አለ። መጀመሪያ የፍርሃት ዝምታ ነበር፤ ሰው ሃያ ብሩን እያሰበ ከንፈሩን ይነክሳል። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር እንኳ «ባለሙያ ነኝ፤ እኔም እቀጣለሁ?» ብላ ጠየቀች። «ካልተጠየቅሽ ትቀጫለሽ» አሉ ዳኛው። አሥር ሰዓት ገደማ ሴትዮዋ ራሷ ዞር አለች።

«ሲስተር፣ ሳልተኛ ነው የሚነጋው። ጉሮሮዬ ምግብ አያስገባም። የሰው ሕፃን ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ይሄ ኃጢአት ነው?»

«ኃጢአት አይደለም» አለች ሲስተር። «ሐዘን ነው። እንዲህ እንዳለ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ሕመምም ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና አለው። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እኔው አብሬሽ እሄዳለሁ።» ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ። ዳኛው በዓይናቸው ከለከሉት፤ ተጠይቃ ነው።

አማቲቱ በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ተቀጡ።

በሠልስቱ ባልየው ተነሣ። በሦስቱም ቀን ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲቀበል ነበር፤ ለወንድ የተሰጠው ቦታ ያ ነው። ስለ እሱ የጠየቀ አልነበረም፤ እሱም ያልመጣበት ልጅ እንዳለ ማንም ልብ አላለም። መካከል መጥቶ ቆመና መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ምርመራው ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጉድለቱ የእኔ ነው። እሷ ደኅና ናት። አትናገሪ ብዬ ለምኛት ነው።»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ከስድስት ሰው አንዱ በዕድሜው መካንነት ያጋጥመዋል። በአጠቃላይ ሲታይ ልጅ ካጡት ጥንዶች ግማሽ በሚጠጉት ዘንድ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ ከሴቷ ጋር። በጅጋ ግን፣ እንደ ብዙ ቦታ፣ መካን የሚለው ስም የሚለጠፈው በሴቷ ላይ ነው። ይህቺ ሴት ስሙን ለሦስት ዓመት እያወቀች ተሸክማለታለች፤ ያ የፍቅር ሥራ ነው ለማለት አልደፍርም፣ ግማሹ ፍርሃት ሳይሆን አይቀርም።

ድንኳኑ ውስጥ «አይዞህ» ሊል የቃጣው ሁሉ ጸሐፊውን እያየ ዋጠው። ሴትዮዋ ፈቀቅ ብላ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ።

አማቲቱ ዘግይተው ተነሡ። ወደ ባልና ሚስቱ አልሄዱም። መቀነታቸውን ፈተው የበርበሬ ሽያጩን ብር ጸሐፊው ፊት ቆጠሩት፤ ስምንት መቶ ሆነ።

«ዛሬ አልተናገሩም እኮ፣ እማማ» አለ ጸሐፊው።

«የዛሬው አይደለም። የዐሥራ አንዱ ዓመት ነው።»

ጸሐፊው ግራ ገብቶት ዳኛውን አየ። «ደንቡ የወጣው ትናንት ወዲያ ነው፤ ወደ ኋላ አይሠራም።»

«ጻፍ» አሉት።

«እሺ፣ ይጻፍ ቢባልስ? በቃል ሃያ ብር ከሆነ ይሄ የአንዱን ክረምት እንኳ አይሸፍንም።»

አማቲቱ መቀነታቸውን መልሰው አሠሩ። «እንግዲያው ዕዳ አድርገህ ያዘው» አሉ። «ሁለተኛው በርበሬ ሲደርቅ ቀሪውን አመጣለሁ።»