የቱሌያር ጥጥ

ጥጥ የፈተለች ሴት እንደምታውቀው፣ ባዘቶ ለእጅ የሚለሰልሰው ከብዙ ልፋት በኋላ ነው። ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ እንደ ጉም የሚሳሳው ከዚያ ወዲህ ነው። ስሙን ከደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር የወደብ ከተማ ያገኘውን ትንሽ ነጭ ውሻ ሳስብ ይህ ልፋት ይታወሰኛል። ኮቶን ደ ቱሌያር ይሉታል፤ በፈረንሳይኛ «የቱሌያር ጥጥ» ማለት ነው። ከተማዋ ዛሬ ቶሊያራ ተብላለች፤ ውሻው ግን በቅኝ ግዛት ዘመኑ አጠራር እንደቀረ አለ። ስሙ የጸጉሩን ልስላሴ ይነግረናል፣ ስለ ልፋቱ ግን ዝም ይላል። አንድን ፍጡር ለእጃችን በሚሰጠው ደስታ ስንሰይመው፣ ከእኛ የሚፈልገውን ሳናስበው እየሸፈንነው ይሆን?

ኮቶን ከትከሻው እስከ መሬት ከ30 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ክብደቱም 6 ኪሎ ገደማ ቢደርስ ነው። ብዙዎች የሚወዱለት ጠባይ ጸጉሩ አለመርገፉ ነው። እውነትም ምንጣፍ ላይ ብዙ ጸጉር አይታይም። ይሁንና የሞተው ጸጉር የት ይገባል ብለን መጠየቅ የሚገባን ይመስለኛል። መሬት ያልወደቀው እዚያው ሕያው ጸጉር ውስጥ ይቀራል፤ ከጆሮው ጀርባ፣ ከብብቱ፣ የአንገት ማሰሪያው ከሚያርፍበት ቦታ እየተጠላለፈ ይቋጠራል። ከቤት ጠራጊው ትከሻ የወረደው ሥራ አበጣሪው ላይ አረፈ እንጂ አልቀረም። ቡችላው አንድ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ የልጅነት ጸጉሩን በአዋቂ ጸጉር ስለሚለውጥ፣ ያን ሰሞን በየቀኑ ካልተበጠረ ቋጠሮው ይበረታል። ጸጉሩን በደረቁ ማበጠር ይሰብረዋል፣ ስለዚህ ውሃ እፍ ይባልበታል፤ ሳይበጠር ማጠብም ቋጠሮውን ያጠብቀዋል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ላዩ እንደ ባዘቶ ሆኖ ሥሩ እንደ ባና የሚጠቀጠቅበት ጊዜ መኖሩ ነው። የሚዳብስ እጅ ይህን አያገኘውም። ማበጠሪያው ቆዳ ድረስ መዝለቅ አለበት፤ ውሻው እስኪለምደውም ትዕግሥት ይጠይቃል።

አመጣጡስ? አባቶቹ ከሰመጠ መርከብ ዋኝተው ደሴቲቱ ላይ ወጡ የሚል ወግ አለ። ደስ የሚል ወግ ነው፤ ለእኔ ግን ከታሪክነቱ ይልቅ ተረትነቱ ያመዝናል። በእርግጠኝነት የሚነገረው ዓለም አቀፉ የውሻ ዝርያዎች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ዕውቅና እንደሰጠው፣ የአሜሪካው ኬኔል ክለብም በ2014 ሙሉ ዕውቅና ሰጥቶ እንደመዘገበው ነው። ይህን የአሜሪካ ምዝገባ ከዝርያው ወዳጆች መካከል የተቃወሙ ነበሩ፤ ውሻው ፋሽን ይሆንና ለገበያ ብቻ ይራባል የሚል ስጋት ነበራቸው። ስጋታቸውን በቀላሉ መጣል አይቻልም። በሌላ በኩል ደግሞ በጥቂቶች እጅ ተወስኖ መቆየትም የራሱ ዕዳ አለው፤ ዘመድ ከዘመድ ሲራባ የተደበቀ ሕመም ይገናኛል። በዚህ ዝርያ የሚታወቅ አንድ የዘር ሕመም አለ፦ ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ዘረ መል የወረሰ ቡችላ፣ እኩዮቹ መራመድ ሲጀምሩ እርሱ መቆም ያቅተዋል፣ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ወላጆቹ ጤነኞች ይመስላሉ። እዚህም ላዩ ስለ ሥሩ አይናገርም። ተሸካሚዎቹን የሚለይ የዘረ መል ምርመራ መኖሩ መልካም ነው።

ስለ ጠባዩ ብዙ ማለት አያሻም፤ ተጫዋች፣ ሰው ወዳድ፣ በኋላ እግሮቹ ቆሞ መዝለል የሚወድ ነው። ከሰው ጎን እንዲኖር የተራባ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ብቻውን መዋል ይከብደዋል። ውሻን በግቢ ጥበቃው ለምናውቅ ለብዙዎቻችን «ሥራው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይመጣብን አይቀርም። ሥራው አብሮ መሆን ነው ቢባል በቂ መልስ ይሆን? እኔ እንጃ። ምናልባት ጥያቄው ወደ እኛ ዞሮ፣ አብረነው ለመሆን ጊዜ አለን ወይ የሚል ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ውሻ ለማሳደግ ያሰበ አንባቢ ካለ፣ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት የቡችላውን አባትና እናት የምርመራ ውጤት ይጠይቅ፤ ከዚያም ጣቱን ከጆሮው ጀርባ ሰዶ ሥሩን ይዳስስ።