ጐረቤት በጐረቤቱ ላይ ሊፈርድ ይገባልን?

በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የነፍስ ግድያ ክስ ሲታይ፥ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ ሦስት ሰዎች ከሕዝብ ተጠርተው ከዳኛው ጋር ይቀመጡ ነበር። እያንዳንዳቸው አሳባቸውን ይሰጡ ነበር፤ ዳኛው ግን በአሳባቸው አይገደድም ነበር። ያ ሥርዓት ቀረ። ነገር ግን የ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት በ159ኛው አንቀጽ ፍርድ ቤቶች ዕርቅንና ባህላዊ ሽምግልናን እንዲያበረታቱ ያዝዛል፤ እንግዲህ ወንበሩ ተለወጠ እንጂ ጥሪው አልቀረም።

እኛም በሄሉ ለሽምግልና ስንቀመጥ ከባድ ጥያቄ ይገጥመናል። ባዕድ ሰው ቋንቋውንና ልማዱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ጐረቤት ደግሞ ከአንዱ ወገን ጋር በሥጋ ወይም በጋብቻ ተዛምዷል። ዘመድ የሆነ ሁሉ ይነሣ ብንል፥ በትንሽ ከተማ ማን ይቀራል?

ስለዚህ ከአድልዎ ፈጽሞ የነጻ ሰው ከመሻት ይልቅ ዝምድናውን የማይሰውር ሰው እንሻ። ዝምድናውን በጉባኤ ፊት አስቀድሞ ይናገር፤ ባለጉዳዮቹም አንቀበለውም ቢሉ ሳይቀየም ይነሣ። ከተቀመጠም የማይወደውን ወገን ቃል እስከ ፍጻሜው ይስማ፤ የፍርዱንም ምክንያት በግልጥ ይናገር። በልብ የተሰወረ ምክንያት ለጐሣ ያደላል፤ በተረታው ሰው ፊት የሚነገር ምክንያት ግን ተናጋሪውን ራሱን ይመረምረዋል። የተጠራነው ስለምናውቀው ነገር ነው፤ ስለ ወገናችን አይደለም።